የተረፈችውን እናት ማን ይቁጠራት?

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የቀረልኝ አንድ ልማድ ቢኖር፣ ቁጥር ባየሁ ቁጥር «እዚህ ውስጥ ያልገባው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያልተቆጠረ ነገር በጀት አይያዝለትም፣ ሪፖርት ላይ አይወጣም፣ ስብሰባም አይጠራለትም።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሪፖርቶችን ሳገላብጥ ይኸው ጥያቄ መጣብኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 412 ሆነ። ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ወልዳ ደም ሲፈስሳት አድሮ፣ ራሷን ስታ፣ ተለቅሶላት ከነጋ በኋላ ዓይኗን የገለጠችውስ? እሷ የትኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ናት? የትም የለችም። «ማርያም አተረፈቻት» ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል፣ በቃ ፋይሉ ተዘጋ።

ዛሬ የማወራው ከነዚህ ከተረፉት ስለ አንዳንዶቹ ነው። እነሱ ተረፉ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለች ሽምብራ የምታህል እጢ ግን ያን ሌሊት ሞተችባቸው።

እጢዋ ፒቱታሪ ትባላለች። ሽምብራ ማለቴ በዘፈቀደ አይደለም። የምኖረው ዱከም ነው፤ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ትንሽ ራቅ ካላችሁ ጤፍና ሽምብራ ታያላችሁ። መጠኗም በእርግጥ እንደዚያው ነው፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም አካባቢ። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫችን ሥር መሠረት ጀርባ፣ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ከላይ ካለው የአንጎል ክፍል ጋር በቀጭን ግንድ ተያይዛለች።

ሥራዋን ለማስረዳት ከታክሲ ተራ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ ተራ አስከባሪው ራሱ ማንንም አይጭንም። መኪና የለውም። ግን «አንተ ግባ፣ አንተ ቆይ፣ ሰው በዝቷል፣ ሌላ ጥሩ» የሚለው እሱ ነው። ፒቱታሪም እንደዚያ ናት። አንገት ላይ ላለው ታይሮይድ «ሙቀት ቀንሷል፣ ሥራ» ትለዋለች። ከኩላሊት በላይ ለተቀመጡት አድሬናል እጢዎች ኮርቲሶል እንዲያመርቱ ታዛለች። ኮርቲሶል ሲታመሙ፣ ሲራቡ፣ ሲደነግጡ የደም ግፊትንና ስኳርን ደግፎ የሚያቆም ሆርሞን ነው፤ ያለሱ ሰው አይኖርም። የሴቷን እንቁልጢና የወንዱን የዘር ፍሬ የምትቀሰቅሰው፣ ልጅን የምታሳድገው፣ ጡትን «ወተት ሥራ» የምትለውም እሷው ናት። ይኼ ሁሉ የፊተኛው ክፍሏ ሥራ ነው። የኋለኛው ክፍሏ ደግሞ ከላይ ከአንጎል የሚወርዱላትን ሁለት ሆርሞኖች አስቀምጣ ትለቃለች፦ አንደኛው ኩላሊትን ውኃ አታባክን የሚለው ነው፣ ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ነው። ኦክሲቶሲንን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከተራ አስከባሪው ጋር አንድ የምታውቁት ነገር አለ። ታክሲ ሲጠፋ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ታክሲ ሲበዛ ዝም ይላል። ፒቱታሪም ታይሮይድ ሲሰንፍባት ትጮሃለች፤ የምትጮኽበት ሆርሞን ቲኤስኤች ይባላል፣ ላቦራቶሪ የሚለካውም ያንን ነው። ጩኸቱ ከፍ ካለ «ታይሮይድሽ ደክሟል» ይባላል። ጥሩ። ግን ተራ አስከባሪዋ ራሷ ከሞተችስ? ታክሲዎቹ ነዳጅ ሞልተው ቆመዋል፣ ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ነው፣ የሚጮኽ የለም። ከሩቅ ሆኖ ጩኸት ብቻ የሚያዳምጥ ሰው «ዛሬ ተራው ሰላም ነው» ይላል።

ፒቱታሪ በብዙ ምክንያት ልትደክም ትችላለች። እዚያው የሚበቅል፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ሊጫናት ይችላል፤ ያኔ ራስ ምታትና የጎን እይታ መጥበብ ይመጣል። ኃይለኛ የመኪና አደጋ፣ አንጎል የገባ ቲቢ፣ የጨረር ሕክምናም ይጎዷታል። ወንድም ሴትም አይመርጥም። እኛን በተለይ የሚመለከተው ግን የወሊዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 በግላስጎው የወሊድ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ሐኪም የነበረው ሃሮልድ ሺሃን ከወሊድ በኋላ የሞቱ እናቶችን አስከሬን መርምሮ ያየውን ጻፈ። ብዙ ደም የፈሰሳቸው ሴቶች ፒቱታሪ፣ በተለይ የፊተኛው ክፍል፣ ሞቶ አገኘው። በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ሺሃን ሲንድሮም ይባላል። ምክንያቱ ጨካኝ ነው። በእርግዝና ጊዜ እጢዋ ለወተት ስትዘጋጅ ትፋፋለች፤ የአጥንት ቤቷ ግን አይሰፋም። የፊተኛው ክፍል ደም የሚያገኘው ግፊታቸው ዝቅ ባለ ቀጫጭን የደም ሥሮች በኩል ነው። በዚያ ላይ እናቲቱ ደሟ ሲፈስና ግፊቷ ሲወርድ፣ ብዙ ደም የለመደችው ፊተኛዋ ክፍል መጀመሪያ ትራባለች። የኋለኛው ክፍል ከሌላ ደም ሥር ስለሚመገብ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ወደ ኦክሲቶሲን ልመለስ። ምጥን የሚገፋው፣ ልጁ ከወጣ በኋላም ማሕፀንን ጨምድዶ ደሙን የሚያቆመው እሱ ነው። አዋላጇ ልጁ እንደወጣ እናቲቱ ጭን ላይ የምትወጋው መርፌ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ ቪንሰንት ዱ ቪኞ የሚባል ኬሚስት በ1953 በላቦራቶሪ ሠርቶት በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እንግዲህ ፒቱታሪን ከሞት የሚያድናት መድኃኒት ከራሷ ጓዳ የተቀዳ ነው። መርፌው ታዲያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ምልክቶቹ ጋ ስንደርስ ነገሩ ከሕክምና ወጥቶ ወደ ሰፈር ይገባል። የመጀመሪያው ምልክት ወተት አለመምጣት ነው። ልጁ ይጠባል፣ አጥሚት ይቀርባል፣ ጡቱ ደረቅ። «ዓይን በልቷት ነው» ይባላል። ቀጥሎ የወር አበባ አይመለስም። ጡት እያጠባች ስለሆነ ነው እንዳይባል ጡት እያጠባች አይደለም። የተላጨ የብብት ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም። ፊቷ ይገረጣል፣ የትዳር ፍላጎቷ ይጠፋል፣ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ትንቀጠቀጣለች፤ «አራስ ቤት ብርድ መትቷት ነው» ይባላል። ይኼኛው አባባል እንኳ ሩብ እውነት አለው፤ ታይሮይዱ ካልታዘዘ ሰውነት ሙቀት አይሠራምና ብርዱ እውነተኛ ብርድ ነው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ስም ግን «ሰነፍ» ነው።

እኛ ግቢ ውስጥ አስፋልት ዳር ጉሊት ያላቸው አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ እኔም እትዬ ብቻ ነው የምላቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ነው የወለዱት፤ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ደም ፈሷቸዋል። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆንኩም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደ ማንኛውም የሰፈር ልጅ «አይዞዎት» ብዬ አልፋለሁ፣ ምን እላለሁ ሌላ። ዓመታት ውስጥ ያልተባሉት የለም፦ ደም ማነስ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ፣ ነርቭ። ጠበል ሰንብተዋል። አንድ ክሊኒክ የታይሮይድ ምርመራ አዞላቸው «ኖርማል ነው» ተብለው ተመለሱ። የታዘዘው ቲኤስኤች ብቻ ነበር፤ ጩኸቱ ተለካ፣ ጩኸት የለም ተባለ። ባለቤታቸው ሌላ ቤት ሠራ። አንድ ቀን ጉንፋን መሰል ነገር ይዟቸው፣ ሲያስመልሳቸው ውሎ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። አዲስ አበባ ተወስደው፣ ስኳራቸውም የደም ሶዲየማቸውም ወርዶ ተገኘ። አንድ ወጣት ሐኪም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «እትዬ፣ ሲወልዱ ደም ፈሶዎት ነበር? ጡትዎ ወተት ነበረው?» አላቸው።

ያችን ጥያቄ ለመስማት አሥራ አራት ዓመት ጠብቀዋል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ፕሬድኒሶሎን፣ ከዚያ ታይሮክሲን ይውጣሉ። ለጉሊቱ ማልደው ሲወጡ ሰማቸዋለሁ። ድምፃቸው ራሱ ተቀይሯል፤ በፊት ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

የእሳቸው ታሪክ የተለየ ዕድለ ቢስነት እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ የተጻፉ ጥናቶች የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ ከወሊዱ እስከ ምርመራው ብዙ ጊዜ ዓመታት ያልፋሉ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚቆዩትም ጥቂት አይደሉም። በሽታው ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። በሀብታም አገሮች የማዋለጃ ክፍሉ ደም መፍሰስን በፍጥነት ስለሚያቆም ብርቅ ሆኗል፤ ቤት ውስጥ ወሊድ በበዛበት ግን ሌላ ነው። በሕንድ ካሽሚር በ2005 የታተመ ጥናት፣ ከ20 ዓመት በላይ ከሆኑ የወለዱ ሴቶች ወደ 3 ከመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው ገምቷል። አብዛኞቹም ቤት ነበር የወለዱት። የካሽሚርን ቁጥር ቀድቶ የኢትዮጵያ ካርታ ላይ መለጠፍ ነውር ነው፣ አላደርገውም። ግን የኛን የወሊድ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡት፦ በ2005 በጤና ተቋም የሚወልዱት 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ከመቶ።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ፍሰትና ክምችት የሚባል ነገር አለ። ቧንቧው የሚያወርደው ፍሰቱ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ክምችቱ። የጤና ሪፖርቶቻችን የሚያወሩት ስለ ቧንቧው ነው፤ ዘንድሮ ስንት ወለዱ፣ ስንት ሞቱ። ቧንቧው እየጠበበ ነው፣ እሰየው። በርሜሉ ግን አለ። በ2005 ቤቷ ወልዳ ደም የፈሰሳት የ22 ዓመት ሴት ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ናት። እናታችሁ ልትሆን ትችላለች፣ አክስታችሁ፣ እንጀራ የምትሸጥላችሁ ሴትዮ።

«ወንድሜ፣ ፓራሲታሞል በሚጠፋበት አገር ስለ አንጎል እጢ ታወራለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ የሚያስኬድ ይመስላል፤ አያስኬድም። እኔ ለየጤና ጣቢያው ኤምአርአይ ይገዛ አላልኩም። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው፦ ደም ፈሶሽ ነበር? ወተት መጣ? የወር አበባሽ ተመለሰ? ሦስት ጥያቄ፣ አንድ ደቂቃ። መልሱ የሚያጠራጥር ሲሆን የጠዋት ኮርቲሶል፣ ከቲኤስኤች ጋር የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን፣ ሶዲየምና ስኳር ይለካል። መድኃኒቶቹም አዲስ ግኝት አይደሉም፤ ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲሶንም ሆነ ታይሮክሲን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ፣ አስርት ዓመታት ያስቆጠሩ ክኒኖች ናቸው። ውድ የሚሆነው በስህተት ስም መታከም ነው። የእትዬን የታይፎይድ መድኃኒት፣ የጨጓራ ሽሮፕ፣ የትራንስፖርትና የጠፋ የገበያ ቀን ደምሩት፤ የዓመታት የክኒን ወጪ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቅደም ተከተል አለው፣ ለጤና ባለሙያ ጓደኞቼም ደጋግሜ የምለው ነው። ሁለቱም የጎደሉባት ሴት ኮርቲሶሏ ሳይተካ ታይሮክሲን ብቻ ከተሰጣት ልትወድቅ ትችላለች። ታይሮክሲን ሰውነትን ያፋጥናል፤ ያቺ ትንሽ የቀረችው ኮርቲሶልም ቶሎ ታልቃለች። ስለዚህ በራስ ፈቃድ የታይሮይድ ክኒን መዋጥ ቀልድ አይደለም። ቲክቶክ ላይ «ሆርሞን የሚያስተካክል ሻይ» የሚሸጡትንማ ተዉአቸው፤ የሞተ እጢ የሚያስነሳ ቅጠል የለም።

ከተማዬን በተመለከተ ደግሞ የተለየ ስጋት አለኝ። ዱከም የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ከተማ ናት። ጫማ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሌላም ሌላም መስመር ላይ የሚቆሙት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከየገጠሩ መጥተው፣ ለሦስት ለአራት ቤት ተከራይተው የሚኖሩ። አንዳንዷ ለመውለድ እናቷ ጋ ትሄዳለች፤ ባህሉም ነው፣ ወጪውም ያስገድዳል። አዋጅ 1156/2019 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣታል። ያ ሲያልቅ ትመለሳለች። ደም ፈሷት የነበረችዋ ስትመለስ መስመሩ እንደ ድሮው ነው፣ እሷ ግን እንደ ድሮዋ አይደለችም። ቆማ ይዞራታል፣ ኮታ አይሞላም። ሕጉ የሕመም ፈቃድም አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ግን የሕመም ፈቃድ የሕክምና ማስረጃ ይፈልጋል፤ «ኖርማል ነው» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት የያዘች ሴት ምን ማስረጃ ታቀርባለች? ሱፐርቫይዘሩ የሚያየው ቁጥር ቀንሷል፤ በቃ ሰነፍ ናት። ምርታማነት ሲለካ የሠራተኛዋ ልፋት እንጂ እጢዋ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። እኔ ራሴ የተማርኳቸው ሞዴሎች ውስጥ አልነበረም።

መከላከሉም ቢሆን ሌላ ፕሮጀክት አይፈልግም፤ እናትን ከሞት የሚያድነው ነገር ፒቱታሪዋንም ያድናል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛንያና በደቡብ አፍሪካ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራና በ2023 የታተመ ኢ-ሞቲቭ የሚባል ጥናት አለ። ያደረጉት ነገር ሲሰማ ያስቃል፦ ከእናቲቱ ሥር መጠኑ የተጻፈበት የፕላስቲክ መያዣ አነጠፉ። በዓይን «ትንሽ ነው፣ ብዙ ነው» ከማለት ይልቅ ደሙ ተለካ። መስመሩን ሲያልፍ አንዱን ሞክሮ ሌላውን መጠበቅ ቀርቶ፣ ማሕፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ምርመራ በአንድ ላይ ተጀመረ። ከባድ የደም መፍሰስና ጣጣው በ60 ከመቶ ቀነሰ። የአደጋው መስመር ግማሽ ሊትር ነው፤ ትንሿ ሃይላንድ። አንሶላ ላይ የፈሰሰ ሃይላንድ በዓይን ስንት ይመስላችኋል? እኔ እገምታለሁ ብሎ የሚወራረድ ካለ ውኃ አፍስሶ ይሞክረው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚዞሩባት አገር ናት ይቺ። የአራስ ክትትሉ ላይ «ደም ፈሷት ነበር?» የምትለዋ መልስ እናቲቱን ተከትላ እንድትሄድ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ድካም ብላ ስትመጣ ካርዷ ላይ እንድትታይ ማድረግ አንድ መስመር መጨመር ነው። ጤና ሚኒስቴር እንዲያስበው እፈልጋለሁ፤ እስከዚያ ግን እናንተም ስልክ አላችሁ፣ እናትም አላችሁ። ዛሬ ማታ ደውሉ። እናቶቻችን ስለ ወሊዳቸው ካልተጠየቁ አያወሩም፤ ከተጠየቁ ግን ማቆሚያ የለውም። ደክሟት የነበረ ሁሉ ሺሃን የለበትም፣ አብዛኛው የደም ማነስ ወይም የኑሮ ድካም ነው። ግን ደም ፈሷት፣ ወተት ሳይመጣላት፣ የወር አበባዋ ያኔ ቀርቶ ያልተመለሰ ከሆነ፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ከዚህ ቢሾፍቱም አዳማም ቅርብ ነው፤ እዚያ ካልሆነ ጥቁር አንበሳ የሆርሞን ሐኪሞች አሉት።

ክኒኑን ለጀመሩት ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ጾም ሲገባ፣ ሑዳዴም ሆነ ረመዳን፣ «ለጾሙ ስል» ብለው የሚያቋርጡ አሉ። የኮርቲሶሉ ክኒን በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ሐኪሙንም አባታችሁንም ወይም ሼሁንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ትኩሳት ሲይዝ መጠኑ ከፍ እንደሚል፣ ካስመለሰ ደግሞ በፍጥነት መርፌ እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ ያስረዳችኋል፤ ቤተሰቡም ይወቀው። እትዬ መቀነታቸው ውስጥ፣ ከብራቸው ጋር፣ የታጠፈች ወረቀት ይዘዋል። እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፦ «ፒቱታሪዬ አይሠራም። ራሴን ከሳትኩ ሃይድሮኮርቲሶን ወጉኝ።»